ፊሽካ የማያውቀው አሠልጣኝ

ጥያቄ፦ ሐዋሳ ታቦር ሰፈር የታዳጊዎች ኳስ አሠለጥናለሁ። ልጆቹ በልምምድ እየተጎዱ አስቸገሩኝ። ሚኒሶታ ያለው የአክስቴ ልጅ፣ እዚያ በትንሽ ኮሌጅ ዕድሜውን ሙሉ የአሜሪካን ፉትቦል (ኳሱ በእጅ የሚያዝበትን) ያሠለጠነ፣ በልምምድ መጋጨት የከለከለ ሰው ነበር ይለኛል። እውነት ነው?

መልስ፦ እውነት ነው ወንድሜ። ጆን ጋሊያርዲ ይባላል። የትምህርት ቤቱ አሠልጣኝ ለጦርነት ሲጠራ፣ ጆን በ16 ዓመቱ ቡድኑን ተረከበ። ሴንት ጆንስ፣ ያ የሚኒሶታው ኮሌጅ፣ የገባው በ1953 ነው (በፈረንጅ)፤ እስከ 2012 ንቅንቅ አላለም። በጠቅላላው 489 ድል! በኮሌጅ ፉትቦል የሚበልጠው የለም።

እኔን የገረመኝ ግን ልምምዱ ነው። ያ ሁሉ መላተም ባለበት ጨዋታ፣ በልምምድ የቡድን ጓደኛን መጣል ክልክል ነበር። ፊሽካም አልነበረም። ተጫዋቾቹ «ጆን» ብለው ነበር የሚጠሩት (እኛ ጋ ይሄ እንኳን ይቅርብን)። አንተም ሸርተቴውን ለጨዋታ ቀን አቆየውና እስቲ ሞክረው።