ውሻዬ ሞተብኝ፤ የተጣለች ቡችላ ባሳድግ ኃጢአት ይሆንብኛል?

ጥያቄ፦ መምህር፥ እንደምን ሰነበቱ? የምኖረው ደብረ ብርሃን ነው። ቡቺ የሚባል ለብዙ ዓመት አብሮን የኖረ ውሻ ነበረን። አባቴ ካረፉ ወዲህ ለእናቴና ለእኔ የቤታችን ጠባቂ እርሱ ነበር። ክረምት ላይ አርጅቶ ሞተ። ሳለቅስ ጎረቤቶቼ «ለውሻ ይለቀሳል እንዴ?» አሉኝ። ሰሞኑን ደግሞ ድልድይ ሥር የተጣሉ ቡችሎች ተገኝተው ወንዶቹን ሰው ወሰዳቸው፤ ሴቷ ብቻዋን ቀረች። ላመጣት ብል «ውሻ ካለበት ቤት መልአክ አይገባም» ብለው አስፈሩኝ። እኔም ቡቺን የረሳሁት ይመስለኛል። እርሷን እየነካሁ ቅዳሴ መግባት እችላለሁ? በጾም ሥጋ ብሰጣትስ? ለቡቺስ ጸሎት ይደረግለታል?

መልስ፦ እህቴ፥ እግዚአብሔር ያጽናሽ። ነቢዩ ናታን ለንጉሥ ዳዊት የነገረውን አስቢ። ድሃው ሰው አንዲት በግ ብቻ ነበረችው፤ ከእንጀራው ትበላ፥ ከዋንጫው ትጠጣ፥ በብብቱም ትተኛ ነበር፤ እንደ ልጁም ነበረች (2ኛ ሳሙ. 12፥3)። ናታን ድሃውን «እንስሳ እንዴት እንዲህ ይወደዳል?» ብሎ አልነቀፈውም። ዳዊትም ሲሰማ የተቆጣው በጓን በቀማው ባለጠጋ ላይ ነው። በግ እያረባ ያደገ የመንዝ ሰው ይህን ቃል ሲሰማ ማብራሪያ አይፈልግም። ያለቀስሽው ሌሊቱን ሁሉ በርሽን ሲጠብቅ ለኖረ ፍጥረት ነው፤ ለዚህ ንስሐ አልሰጥሽም።

ጸሎቱን በተመለከተ ግን በግልጽ ልንገርሽ። የሰው ነፍስ ለባዊት (የምታስብ)፥ ነባቢት (የምትናገር)፥ ሕያዊት (የማትሞት) ናት፤ ከሥጋ ብትለይም ትኖራለች። እንስሳ ግን በደመ ነፍስ የሚኖር ስለሆነ ሲሞት ሕይወቱ ያበቃል። ስለዚህ ለቡቺ ፍትሐት አይደረግም፥ ተዝካር አይወጣም፥ በቤተ ክርስቲያን ቅጽርም አይቀበርም። በግል ጸሎትሽ ግን ሐዘንሽን ለፈጣሪ ንገሪው፤ አብሯችሁ ስለኖረበት ዘመንም አመስግኚ። ጌታ ስለ ድንቢጦች ሲናገር «ከእነርሱም አንዲቱ ስንኳ በእግዚአብሔር ፊት አትረሳም» ብሏል (ሉቃ. 12፥6)።

«መልአክ አይገባም» የሚለውን አባባል በየሰፈሩ እሰማዋለሁ። በቅዱሳት መጻሕፍታችን ግን የለም፤ እንዲያውም ተቃራኒው ነው የተጻፈው። መጽሐፈ ጦቢትን አንብቢ። ጦብያ ወደ ሩቅ አገር ሲሄድ በሰው አምሳል ተገልጦ የመራው ሊቀ መላእክት ቅዱስ ሩፋኤል ነው፤ የልጁም ውሻ ተከትሏቸው ሄደ። ሲመለሱም ከኋላቸው ነበር። ጳጉሜን 3 ቀን በዓሉን የምናከብርለት መልአክ ያን ሁሉ መንገድ ከውሻ ጋር ከተጓዘ፥ አንቺን ስለ አንዲት ቡችላ ብሎ አይሸሽሽም። ሐዋርያው «ከውሾች ተጠበቁ» ሲል (ፊልጵ. 3፥2) ስለ ሐሰተኞች መምህራን እንጂ በር ስለሚጠብቀው እንስሳ አልተናገረም። ኦሪት ዘሌዋውያንም በመዳፉ የሚሄደውን ርኩስ ሲለው ነገሩ ስለ መብልና በድኑን ስለ መንካት ነው።

ስለዚህ እጅሽን ታጥበሽ፥ ንጹሕ ልብስሽን ለብሰሽ ቅዳሴሽን አስቀድሺ። የምትጸልዪበትን ቦታ ለይተሽ ጠብቂ፤ የእርሷ ማደሪያ በግቢው ውስጥ ይሁን። የደብረ ብርሃን ውርጭ ለቡችላ ይከብዳልና ገለባ በደንብ አንጥፊላት። ወደ ቤተ ክርስቲያን ስትሄጂ ግን ተከትላሽ ቅጽሩ ውስጥ እንዳትገባ እሰሪያት።

ቡቺን መርሳት አይደለም ወይ ላልሽው፥ አይደለም። እርሱን ያስወደደሽ ርኅራኄ ነው አሁን ወደ ድልድዩ ሥር የሚጎትትሽ። ጠቢቡ «ጻድቅ ሰው ለእንስሳው ነፍስ ይራራል» ያለው (ምሳ. 12፥10) በአንድ እንስሳ ብቻ የሚያልቅ ርኅራኄ አይደለም።

አሁን ጠንከር አድርጌ የምነግርሽ ነገር አለ። የተጣለች ቡችላ ከማን እንደተወለደች፥ ምን እንደነካት አይታወቅም። ገና ሳትለምጃት ወደ እንስሳት ሐኪም ውሰጃት። የእብድ ውሻ በሽታ መከላከያ ክትባት ሦስት ወር ሲሞላት ይሰጣታል፥ ከዚያም በየዓመቱ ይደገማል። ማንንም ብትነክስ ወይም ብትቧጭር ቁስሉን ወዲያው በወራጅ ውኃና በሳሙና 15 ደቂቃ ያህል አጥባችሁ በዚያው ቀን ወደ ጤና ተቋም ሂዱ። ይህ በሽታ ምልክቱ ከታየ በኋላ የሚድን ሰው የለም ማለት ይቻላል። «ጠበል ይበቃኛል» ብሎ ክትባቱን መተው እምነት አይባልም። እግዚአብሔር መድኃኒትን ከምድር እንደፈጠረና ብልህ ሰው እንደማይንቀው በመጽሐፈ ሲራክ ምዕራፍ 38 ተጽፏል። ጠበሉንም ጠጪ፥ መርፌውንም ውሰጂ። እንደ መንዝ ጓሳ ባሉ ደጋዎች የሚኖሩት ቀይ ቀበሮዎች እንኳ ይህ በሽታ ከውሾች ሊተላለፍባቸውና ሊጨርሳቸው ይችላል፤ በዓለም ላይ የቀሩት ከ500 እንደማይበልጡ ይገመታል። የእናንተ ውሻ መከተቧ ለእነርሱም ነው።

ሴት በመሆኗ አትፍሪ። ሰው ሴት ቡችላ የሚጥለው ትወልድብኛለች ብሎ ነው። በእኔ አስተያየት ሐኪሙ ማምከን ከቻለ ማስመከኑ፥ ልጆቿን ወልዳ እንደ እርሷ ድልድይ ሥር ከሚጣሉ እጅግ ይሻላል።

የቀረው የጾሙ ነገር ነው። በነነዌ ንጉሡ እንስሳትም ምንም እንዳይቀምሱ አዝዞ ነበር፤ ያ ግን የዚያ ጭንቅ ቀን አዋጅ ነው። የቤተ ክርስቲያናችን አጽዋማት የታዘዙት ለምእመናን ነው። በዐቢይ ጾም የተቀቀለ ሥጋ ወይም እንቁላል ብትሰጫት፥ እጅሽም ቢነካው፥ ጾምሽ አይፈርስም። ከሥጋው ይልቅ የምሰጋው ለጾም ወጡ ነው፤ ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት ውሻን ይጎዳልና ሽሮ ፍትፍት አታቅርቢላት። በፋሲካም የታረደ በግ ጥሬ ሳንባና ጉበት አትወርውሪላት፤ ከዚያ የሚይዛት ትል ወደ ሰው ይተላለፋል። በደንብ ቀቅለሽ ስጫት።