አዲሱ የጌም መጫወቻ ኒንቴንዶ ስዊች 2 ምን ይዞ ይመጣል? (ጥር 2017 ዓ.ም. የተጻፈ)

ጥያቄ፦ ሰላም እንዴት ናችሁ፣ ከጎንደር አዘዞ ነው የምጽፈው። እኔና ታናሽ ወንድሜ ብር እያጠራቀምን ነው፣ የድሮውን ኒንቴንዶ ስዊች (በቲቪም በእጅም ይዘው የሚጫወቱበትን የጌም መሳሪያ) እንግዛ ወይስ ስዊች 2ን እንጠብቅ? ምን ይኖረዋል ብላችሁ ትገምታላችሁ?

መልስ፦ ጠብቁ ወንድማችን! ጥምቀት ሊገባ ሦስት ቀን ሲቀረው፣ ጥር 8 ቀን 2017 ዓ.ም. ማለት ነው፣ ካምፓኒው ኒንቴንዶ ባወጣው ቪዲዮ እቃው ከድሮው ተለቅ ብሎ ታይቷል፣ ቻርጅ መሰኪያም ከላይ ተጨምሮበታል፣ አብዛኛው የድሮ ጌምም ይሰራበታል ብለዋል። እኔን በጣም የገረመኝ ግን ጆይስቲኮቹ ናቸው፣ በጎናቸው ተደፍተው ወለል ላይ ሲንሸራተቱ ይታያሉ፣ እንደ ኮምፒውተር ማውስ ሊሰሩ ነው ባይ ነኝ፣ ከሆነ ደግሞ በማውስ የሚጫወቱት የኮምፒውተር ስትራቴጂ ጌሞች ሁሉ ሊመጡ ነው ማለት ነው። ከስክሪኑ ጋር አያያዛቸውም በማግኔት ይመስላል።

የስክሪኑ የምስል ጥራት ከድሮው 720ፒ ወደ 1080ፒ ከፍ የሚል ይመስለኛል። ለእኛ ትልቁ ነገር ግን ባትሪው ነው፣ መብራት ሲሄድ ከቲቪው ነቅለህ በእጅህ ይዘህ መቀጠል ትችላለህ፣ ስለዚህ ስክሪኑን አሳምረው ባትሪውን ቢያሳንሱት በጣም ነው የማዝነው። ዝርዝሩን መጋቢት 24 ቀን 2017 ዓ.ም. እናሳያለን ብለዋል፣ እስከዛ ብራችሁን አትንኩ።