«ጎበዝ ሰው አያምንም» ይባላል፦ ከጅማ ለመጡ ጥያቄዎች መልስ

(ዓመቶቹ በሙሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ጥያቄ፦ አይኪው (በፈተና የሚለካ የማሰብ ችሎታ ነጥብ) ከፍ ያለ ሰው እምነቱ ይላላል የሚባለው በጥናት የተረጋገጠ ነው?

ከፊሉ አዎ፤ የሚወራውን ያህል ግን አይደለም። በ2013 ዙከርማን የተባለ ተመራማሪና ሁለት ባልደረቦቹ 63 ጥናቶችን ሰብስበው ሲመረምሩ፣ በ53ቱ ውስጥ አይኪው ከፍ ሲል ሃይማኖተኝነት ዝቅ የማለት አዝማሚያ ታየ። አማካይ ተዛምዶው (ሁለት ነገሮች ምን ያህል አብረው እንደሚሄዱ የሚያሳየው ቁጥር፤ 0 ግንኙነት የለም፣ −1 ፍጹም ተቃራኒ ማለት ነው) −0.24 ነው። ቁጥሩን በራሱ አባዙት፤ 0.058 ገደማ ይመጣል። ሰው ከሰው በሃይማኖተኝነት ከሚለያይበት ውስጥ ከአይኪው ጋር የሚያያዘው 6 በመቶ ያህሉ ብቻ ነው ማለት ነው። ስለዚህ ጁምዓ የሚሰግደውን ወይም ቤተ ክርስቲያን የሚሳለመውን አይቶ ስለ ጭንቅላቱ መፍረድ አይቻልም።

ጥያቄ (ከሄርማታ)፦ ጅማ ውስጥ ብንለካስ ያው ይመጣል?

አይመስለኝም። ጥናቶቹ በአብዛኛው የተሠሩት በምዕራቡ ዓለም፣ በተለይ አሜሪካ ነው። ፒው የተባለው የጥናት ማዕከል በ2018 ባወጣው ዘገባ ከተጠየቁት ኢትዮጵያውያን 98 በመቶው ሃይማኖት በሕይወታቸው «በጣም አስፈላጊ» እንደሆነ መልሰዋል። ሁሉም አንድ መልስ ከሰጠ ምኑ ከምኑ ይነጻጸራል? ከዙከርማን ማብራሪያዎች አንዱም ነገሩን ያጠናክረዋል፦ አይኪው ከፍ ያለ ሰው አካባቢው የሚለውን እንዳለ አይቀበልም፤ ማመን ብርቅ በሆነበት አገር ይኸው ጠባይ ወደ እምነት ሊገፋው ይችላል።

ጥያቄ፦ «አስልቶ የሚያስብ» እና «የመጣለትን የሚመልስ» የሚባለው ልዩነትስ?

እስቲ ይህን ሞክሩ። ጀበናና ስኒ አንድ ላይ 110 ብር ናቸው፤ ጀበናው ከስኒው በ100 ብር ይበልጣል። ስኒው ስንት ነው? ብዙ ሰው 10 ብር ይላል። ስኒው 10 ከሆነ ግን ጀበናው 110፣ ድምሩ 120 ይሆናል። ትክክሉ 5 እና 105 ነው። ፍሬድሪክ የተባለ ተመራማሪ በ2005 ያወጣው ፈተና በኳስና በዱላ የሚጠይቀው ይህንኑ ነው፤ የሚለካውም ቶሎ የመጣን መልስ ቆም ብሎ የመፈተሽ ልማድን ነው። እንዲህ ያለውን በትክክል የሚመልሱ ሰዎች እምነታቸው በጥቂቱ ዝቅ ብሎ የተገኘባቸው ጥናቶች አሉ። በ2018 በ13 አገሮች ሲፈተሽ ግን ግንኙነቱ ደካማና ካገር አገር የሚለዋወጥ ሆነ።

ሌላው ዝነኛ ሙከራ በ2012 «ሳይንስ» በተባለው መጽሔት ላይ የወጣው ነው፤ «አሳቢው» የተባለውን የቀራፂው የሮዳን ሐውልት ምስል ማየት ብቻ እምነትን ይቀንሳል አለ። የተሠራው በ57 ተማሪዎች ነበር። በ2017 ከ900 በላይ ሰዎች ላይ ሲደገም ውጤቱ ጠፋ። በይነመረቡ ላይ እስካሁን የሚዞረው ግን የመጀመሪያው ነው።

ጥያቄ፦ አማኝ የሆኑ አገሮች አማካይ አይኪውአቸው ዝቅተኛ ነው የሚለውስ?

ሰንጠረዡ አለ፤ የ137 አገሮች ነው። የአገሮቹ አማካይ ብዙ ጊዜ ከጥቂትና ከማይወክሉ ናሙናዎች የተለቀመ በመሆኑ ግን አላምነውም። የአዮዲን እጥረት፣ የምግብ እጦትና የትምህርት ማነስ ውጤቱን ይጎትቱታል። በብዙ አገሮች ውጤቱ በየአሥር ዓመቱ 3 ነጥብ ያህል ሲጨምር መቆየቱም የሚታወቅ ነው። በዚያ ላይ በአገር ደረጃ የታየ ነገር በግለሰብ ላይ አይሠራም።

ጥያቄ (ከአንዲት እናት)፦ ልጄ ዩኒቨርሲቲ ፊዚክስ ያጠናል። እምነቱን ይተው ይሆን?

እናቴ፣ ከፊዚክስ ጋር አያያዙት። የቢግ ባንግን (የአጽናፈ ዓለም አጀማመር) ሐሳብ መሠረት የጣለው ለሜትር የካቶሊክ ቄስ ነበር፤ በ1979 በፊዚክስ ኖቤል ያገኘው አብዱስ ሰላምም አጥባቂ አማኝ ነበር።

ጥያቄ፦ ታዲያ ፈጣሪ አለ ወይስ የለም?

የአይኪው ፈተና ይህን አይመልስም።

ጥያቄ (ተመራቂ ተማሪ)፦ በዚህ ርዕስ የመመረቂያ ጽሑፍ ልሠራ ነው። ከየት ልጀምር?

ከናሙናው። −0.24ን በ80 በመቶ ዕድል ለማግኘት 134 ሰው ያስፈልግሃል፤ ግንኙነቱ 0.10 ብቻ ከሆነ 782። 60 ሰው ይዘህ «ግንኙነት የለም» ብትል ማንም አይሰማህም።

ቀጥሎ መጠይቁን በአፋን ኦሮሞና በአማርኛ አዘጋጅ፤ ሌላ ሰው ወደ መነሻው ቋንቋ መልሶ ይተርጉመውና አስተያየው። «ሃይማኖተኛ ነህ?» ብለህ አትጠይቅ፤ ሁሉም አዎ ይልሃል። እምነትን፣ የጸሎትን ድግግሞሽና የአምልኮ ቦታ መሄድን ለየብቻ ጠይቅ፤ ጎረቤት ምን ይላል ብሎ የሚሄድም አለና። ለችሎታው በቃል ላይ ያልተመሠረተ የሥዕል ፈተና ይሻላል፤ ሥዕልም ቢሆን ትምህርት ቤት የገባውን ስለሚያግዝ የትምህርት ደረጃን መዝግብ። ስም አትጻፍ፤ ከሥነ ምግባር ኮሚቴው ፈቃድ ሳታገኝም አንድ ወረቀት አትበትን።