ውሃን በፀሐይ ከፍሎ ሃይድሮጅን ማውጣት፦ ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ፀሐይ ላይ የተቀመጠ ውሃ ለምን በራሱ አይከፈልም?

መልስ፦ ውሃ የሚታየውን ብርሃን እምብዛም አይመጥም። ብርሃኑን መጥጦ ኤሌክትሮን የሚያንቀሳቅስ ሴሚኮንዳክተር (ከፊል አስተላላፊ ቁስ) መሃል መግባት አለበት። ጃፓናውያኑ ተመራማሪዎች ፉጂሺማና ሆንዳ እ.ኤ.አ. በ1972 ይህን በታይታኒየም ዳይኦክሳይድ አሳይተዋል። ችግሩ፣ ቁሱ የሚጠቀመው አልትራቫዮሌቱን ብቻ ነው፤ እሱ ደግሞ ከፀሐይ ጉልበት 5 በመቶ ገደማ ነው።

ጥያቄ፦ ታዲያ ዱቄት ካታሊስት (ብርሃን መጥጦ ውሃውን ራሱ የሚከፍል የሴሚኮንዳክተር ዱቄት) ይሻላል ወይስ የፀሐይ ፓነል ከኤሌክትሮላይዘር (ውሃን በኤሌክትሪክ ከሚከፍል መሣሪያ) ጋር?

መልስ፦ ዛሬ ለሚሠራ ሰው ፓነሉ። ከፀሐዩ ጉልበት 20 በመቶውን ወደ ኤሌክትሪክ የሚቀይር ፓነል፣ ከኤሌክትሪኩ 65 በመቶውን ወደ ሃይድሮጅን ከሚቀይር ኤሌክትሮላይዘር ጋር ሲጣመር በጠቅላላው 13 በመቶ ይደርሳል። ጃፓን ውስጥ የተሞከረው 100 ካሬ ሜትር የካታሊስት ገበታ ግን ከፍተኛ ውጤቱ 0.76 በመቶ ነበር።

ጥያቄ፦ «12 ቮልት» የሚባለውን ፓነል በቀጥታ ባገናኘውስ?

መልስ፦ ከአንድ ሴል (ሁለት ኤሌክትሮዶች ካሉት አንድ የኤሌክትሮላይዘር ክፍል) ጋር ብቻ አይሆንም። ውሃ ለመከፈል ቢያንስ 1.23 ቮልት ይፈልጋል፤ በተግባር ግን 2 ቮልት ገደማ ይወስዳል። ያ ፓነል ሲሠራ 18 ቮልት አካባቢ ስለሚሰጥ 9 ሴሎችን በተከታታይ አገናኝ። አለዚያ አብዛኛው የፓነሉ አቅም ሳይሠራ ይባክናል።

ጥያቄ፦ ውሃው ኤሌክትሪክ እንዲያስተላልፍ የገበታ ጨው ብጨምርበትስ?

መልስ፦ ፈጽሞ! አኖዱ (ከፓነሉ ፖዘቲቭ ጫፍ ጋር የተገናኘው ኤሌክትሮድ) ላይ መርዛማ ክሎሪን ይወጣል። በምትኩ 56 ግራም ፖታሲየም ሃይድሮክሳይድ ጥቂት በጥቂት ወደ ተጣራ ውሃ ጨምረህ 1 ሊትር አድርሰው። ውሃውን ፖታሲየም ሃይድሮክሳይዱ ላይ አታፍስ፤ ስለሚግል ይረጫል። ጓንትና የዓይን መከላከያ ግዴታ ነው። ኤሌክትሮዱ ኒኬል ይሁን። መዳብ አኖድ ላይ ይበላል፤ አይዝጌ ብረት ደግሞ መርዛማ ክሮሚየም ሊለቅ ይችላል።

ጥያቄ፦ ምን ያህል ጋዝ ልጠብቅ?

መልስ፦ ለእያንዳንዱ ሴል፣ 1 አምፔር በ1 ሰዓት 0.45 ሊትር ገደማ ሃይድሮጅን፣ የዚያን ግማሽ ኦክስጅን። ካነሰ መጀመሪያ መገጣጠሚያዎቹን በሳሙና አረፋ ፈትሽ። ከበለጠ ኦክስጅኑንም አብረህ ለክተሃል ማለት ነው፤ ይሄኛው ነው የሚያስፈራው።

ጥያቄ፦ ለምን?

መልስ፦ ሃይድሮጅን አየር ውስጥ ከ4 እስከ 75 በመቶ ሲሆን ይቀጣጠላል፤ ከንጹሕ ኦክስጅን ጋር ደግሞ ይብሳል። ሁለቱን ለየብቻ አውጣ። ደመና ሲጋርድ ሴሉን ከፓነሉ አላቅቅ፦ የኦክስጅኑ ምርት ሲቀንስ ሁለቱን ጋዞች በሚለየው መጋረጃ ሾልኮ ኦክስጅኑ ውስጥ የሚገባው ሃይድሮጅን ድርሻ ከፍ ይላል።