እናታቸው የት ሄዳ ይሆን?

ባለፈው ሳምንት አንዲት ልጅ ማታ ላይ ጻፈችልኝ። «ዶክተር፣ ደረጃ ሥር አራት የድመት ልጆች አገኘሁ። ዓይናቸው አልተከፈተም። እናታቸው የለችም። አሁኑኑ ላንሳቸው?» ካርቶን አዘጋጅታ፣ ፎጣ አንጥፋ፣ ፎቶውንም ልካልኛለች። ካርቶኑ ላይ በእስክርቢቶ ልብ ስለሳለችበት ሳቅሁ። ወዲያው ግን ሳቄ ጠፋ። እኔ ያን ጥያቄ ማንንም ሳልጠይቅ ያለፍኩበት ቀን ትዝ አለኝ።

ሠላሳ ዓመት ሊሆነው ነው። የእንስሳት ሐኪም ሆኜ ሥራ ከጀመርኩ ገና ሁለተኛ ዓመቴ ነበር። በዚያ ዕድሜ ዲግሪ ያለው ሰው የማያውቀው ነገር ያለ አይመስለውም። ከመሥሪያ ቤቴ ጀርባ ዕቃ ቤት ነበረ። የጽዳት ሠራተኛዋ ጠራችኝና ስገባ፣ ከተሰባበሩ ወንበሮች ኋላ፣ ጆንያ ላይ አራት የድመት ልጆች ተደራርበው ተኝተዋል። ቢበዛ የአራት ወይም የአምስት ቀን ልጆች ናቸው፤ የአንዷ እትብት ደርቆ ገና አልወደቀም። «እናታቸው ጥላቸው ሄዳለች» አልኩ። ማን ነገረኝ? ማንም። አምስት ደቂቃ እንኳ ቆሜ አልጠበቅሁም። በሹራቤ ጠቅልዬ ይዣቸው ወጣሁ። ግቢውን ሳቋርጥ ሰዎች ሲያዩኝ ደስ ብሎኝ እንደነበር አልደብቃችሁም።

ትንሿ ቀዝቅዛ ነበር። ጣቴን አፏ ውስጥ ሳስገባ አፏ ራሱ ቀዝቃዛ ነው። እንዲህ የቀዘቀዘች ጨቅላ ሆዷ ምግብ አይፈጭም፤ መጀመሪያ ትሞቃለች፣ ከዚያ ትበላለች። ይህን ፈተና ላይ ጽፌ ሙሉ ነጥብ አግኝቼበታለሁ። ግን ታለቅሳለች፣ እኔም ተጣድፌያለሁ። የላም ወተት አሞቅሁ፣ በሲሪንጅ ሳብኩ፣ ከዚያ እንደ ሰው ሕፃን በጀርባዋ አስተኛኋት። ጥቂት ጠብታ እንደሰጠኋት ወተቱ በአፍንጫዋ ተመልሶ ወጣ። አነጠሰች። ጠረግሁላትና ቀጠልኩ። መቀጠሌን ነው እስካሁን የማልረሳው። ሌሊት 9 ሰዓት ላይ ትንፋሿ ይንቀረቀር ጀመር። ወተቱ ሳንባዋ ገብቷል። ሲነጋ ሞታ አገኘኋት። ሚዛን ላይ አስቀመጥኳት፣ 85 ግራም። ከሞተች በኋላ ለምን እንደመዘንኳት አላውቅም።

ጠዋት ሥራ ስገባ የጥበቃ ሠራተኛው በር ላይ አቆመኝ። «ዶክተር፣ እናትየዋ እኮ መጣች። ጆንያውን ስታገላብጥ፣ ስትጮኽ አደረች» አለኝ። አፏ ላይ ያንጠለጠለችውን አይጥ እዚያው ጥላው ሄዳለች። ለካ ለአደን ነበር የወጣችው።

ታዲያ የዚያን ቀን ሦስቱ በሕይወት ነበሩ። ቤቴ የአሥራ አምስት ደቂቃ መንገድ ነው። መልሼ ጆንያው ላይ ማድረግ እችል ነበር። አላደረግሁትም፤ የሰው እጅ ከነካቸው አትቀበላቸውም ሲባል ሰምቼ ነበርና። ሐኪም ነኝ፣ ግን የሰፈር ወሬ ከትምህርቴ በለጠብኝ። አብዛኞቹ እናት ድመቶች የሰው ሽታ አለባቸው ብለው ልጆቻቸውን አይጥሉም። ሦስት ሌሊት ጮኸች አሉኝ። በአራተኛው ቀረች። ከሦስቱ አንዱ የላም ወተቱ ተቅማጥ አስይዞት በሁለተኛው ሳምንት ሞተ። ሁለቱ ተረፉ። ስንቴ እንዳወራሁት አትጠይቁኝ፣ «ሁለት ድመት አዳንኩ» እያልኩ።

ከተረፉት አንዱን፣ ቡናማውን፣ ለመጀመሪያዋ ጠያቂ ሰጠሁት። ምንም አልጠየቅኋትም። በዚያው ቀን በሩን ከፍታ ለቀቀችው፣ በዚያው ጠፋ። ድመት ብትመነኩስ አመሏን አትረሳም ይባላል፤ እኔ የምጨምረው የድሮ ቤቷንም ቶሎ እንደማትረሳ ነው። ለአዲስ ቤት የተሰጠች ድመት ቢያንስ ሁለት ሦስት ሳምንት ቤት ውስጥ ትቆይ። የመጀመሪያዎቹን ቀናት አልጋ ሥር ብታሳልፍ አትጎትቷት።

እና ለልጅቷ ምን አልኳት? አትንኪያቸው። ራቅ ብለሽ ተደብቀሽ ጠብቂ፤ አጠገባቸው ከቆምሽ አትመጣም። ዙሪያቸውን ትንሽ ዱቄት ነስንሺ፣ ከመጣች ኮቴዋን ታያለሽ። ሞቀው፣ ሆዳቸው ሞልቶ፣ ጸጥ ብለው ከተኙ እናት አላቸው ማለት ነው። ከቀዘቀዙ፣ ከቆሸሹ፣ ሳያቋርጡ ከጮኹ ግን አትጠብቂ፣ አንሻቸው። በፎጣ የተጠቀለለ የሙቅ ውሃ ጠርሙስ አጠገባቸው ይሁን፤ እስኪሞቁ ጠብታም አትስጪ። ከዚያ ለድመት ልጆች የተዘጋጀ ወተት፣ በየሁለት ሦስት ሰዓቱ፣ በሆዳቸው ተኝተው። ከበሉ በኋላ በሞቀ እርጥብ ጥጥ ከጅራታቸው ሥር ማሸት አለብሽ፤ በዚህ ዕድሜ ራሳቸው ሽንት መሽናት አይችሉም። ስለ ክትባት አልጽፍም፣ እሱን የትኛውም ሐኪም ይነግራችኋል።

አንድ ነገር ግን ልናገር፣ ይቅርታ። አሁን ያላችሁት ልጆች መጀመሪያ የምታነሱት ስልክ ነው። ድመቷ ብርድ ላይ ሆና ቪዲዮ ይቀረጻል፣ ሙዚቃ ይገባበታል። ያናድደኛል። ግን ደግሞ ያቺ ልጅ ሌሊት ስልክ ባታነሳ እኔን አታገኘኝም ነበር። እኔ በእሷ ዕድሜ ሰው መጠየቅ ውርደት ይመስለኝ ነበር። ስለዚህ ቅሬታዬን ግማሹን መልሻለሁ።

ግማሹ ግን ይቆይልኝ። ልጆቹን አንስታችሁ እናትየዋን የምትተዉ ብዙ ናችሁ። ልጆቹ ያምራሉ፣ እሷ ታፏጫለች፣ ትቧጭራለች። ድመት በአራት ወሯ ልታረግዝ ትችላለች፣ እርግዝናዋ ዘጠኝ ሳምንት ነው፣ ገና እያጠባችም ልትደግም ትችላለች። እናትየዋን ሳታስመክኑ ልጆቿን ማንሳት በቀዳዳ እንስራ ውሃ መቅዳት ነው። ቪዲዮ ላይ ባያምርም እሷን አስመክኑ።

ለማሳደግ የሚጠይቃችሁን ሰው ደግሞ አትፈሩት፣ ጠይቁት። ቤት ብትቀይር የት ታደርጋታለህ? ብትታመም ማን ይወስዳታል? አንድ ጊዜ ራሷን አሟት መስሎት ግማሽ ፓራሲታሞል የሰጠ ሰው መጥቶብኝ ነበር። ለድመት መርዝ ነው፣ አላተረፍናትም። ሰውየው ክፉ አልነበረም፣ እንዲያውም ይወዳት ነበር።

እና ስም አታውጡላቸው። ስም ያወጣችሁለትን መስጠት አትችሉም። እርግጥ እኔ ያለፉብኝን ሁሉ ስም አውጥቻለሁ፣ ያቺን 85 ግራሟን ሳይቀር።

ልጅቷ በማግስቱ ፎቶ ላከች። ነጭ ዱቄት ላይ አራት ትንንሽ ኮቴዎች፣ ወደ ደረጃው ሥር የሚገቡ። «መጣች ዶክተር! ሁሉንም እያጠባች ነው» አለች። ከዚያ ትንሽ ቆይታ፣ «ስም እንዳታወጪ ብለኸኝ ነበር፣ ግን አራቱንም አውጥቻለሁ። አንዷ ዱቄት ናት።»

የሌሎቹን ስም ጠየቅኋት።