ያልተጻፈው ሚሊሜትር

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ጤና ይስጥልኝ። አነስተኛ የብረታ ብረት ወርክሾፕ አለኝ። አምስት ሆነን ነው የምንሠራው። አንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ለመዝገብ ቤቱ 200 የብረት መደርደሪያ ለመግዛት ጨረታ አወጣ። ሰነዱ «ጥራት ካለው ጠንካራ ላሜራ የተሠራ፣ በጥሩ ቀለም የተቀባ» ይላል። እኔ በ1.5 ሚሊሜትር ላሜራ አስልቼ ገባሁ። ያሸነፈው ድርጅት ጠቅላላ ዋጋ እኔ ለላሜራ ብቻ ከማወጣው ያንሳል። ዕቃው ሲገባ ሄጄ አየሁት፤ በአውራ ጣት ሲጫኑት ይሰረጉዳል። አቤት ልበል? ወይስ ጨረታ የሚባለውን ነገር እርግፍ አድርጌ ልተወው?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ደብዳቤህን ሁለቴ አነበብኩት። እኔም 14 ዓመት ላሜራ ስቆርጥና ስበይድ ኖሬአለሁ። ከዚያ በኋላ ደግሞ በባለሙያነት የግዥ ኮሚቴ ውስጥ ተቀምጬ ነገሩን ከወዲያኛው በኩል አይቼዋለሁ። ንዴትህ በደንብ ይገባኛል።

ግን እውነቱን ልንገርህ። ያ ድርጅት ሰነዱን አልጣሰም። «ጠንካራ» የሚል ቃል ውፍረት በሚለካው መሣሪያ፣ በካሊፐር፣ አይለካም። 1 ሚሊሜትር ያቀረበም፣ 0.7 ያቀረበም «የእኔ ጠንካራ ነው» ቢል የሚከራከረው የለም። ገምጋሚዎቹ እጅ ላይ የሚነጻጸር ቁጥር አንድ ብቻ ነበር፤ እሱም ዋጋ ነው። አንተ የተሸነፍከው ሰነዱን አንብበህ «መቼም 1.5 ማለታቸው ነው» ብለህ ለራስህ የወሰንክ ቀን ነው።

ሚሊሜትሯ ምን ያህል እንደምትከብድ አንተ ታውቃለህ፤ ለሌሎች አንባቢዎች ላስላው። ብረት በኪዩቢክ ሜትር 7,850 ኪሎ ይመዝናል። ስለዚህ 1 ሚሊሜትር ውፍረት ያለው አንድ ካሬ ሜትር ላሜራ 7.85 ኪሎ ነው። 1 በ2 ሜትር የሆነ ላሜራ በ1.5 ሲሆን 23.55 ኪሎ፣ በ1.2 ሲሆን 18.84 ኪሎ ይመጣል። ከአምስት እጅ አንዱ ብረት ቀረ ማለት ነው። ጉዳቱ ግን በዚያ ልክ አይቆምም። ጠፍጣፋ ላሜራ መጉበጥን የሚቋቋመው በውፍረቱ ሦስተኛ ርቢ ነው። 1.2 ለ1.5 ሲካፈል 0.8 ነው፤ 0.8 በ0.8፣ እንደገና በ0.8 አባዛው፤ 0.51 ገደማ ታገኛለህ። ከብረቱ 20 በመቶ ሲቀነስ መጉበጥን የመቋቋም አቅሙ በግማሽ ገደማ ይወርዳል። ዳሩን ማጠፍና ከሥር ደጋፊ መበየድ ይረዳል፤ የእነዚህም ልክ ሰነዱ ላይ መጻፍ ነበረበት።

ታዲያ ምን ታደርጋለህ? በየትኛውም ደህና የጨረታ ሰነድ ውስጥ ማብራሪያ የሚጠየቅበት ቀነ ገደብ አለ። ብዙ ተጫራች ዘሎት የሚያልፈው እሱን ነው። «ብጠይቅ ተንኮለኛ ይሉኛል» ብሎ የሚፈራ ሞልቷል። የተባበሩት መንግሥታት የዓለም አቀፍ ንግድ ሕግ ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ2011 ያወጣው የመንግሥት ግዥ ሞዴል ሕግ (አገሮች የራሳቸውን ሕግ ሲያወጡ የሚከተሉት ናሙና) መልሱ የጠያቂው ማንነት ሳይገለጽ ለሁሉም ተጫራቾች እንዲላክ ያዛል። ስለዚህ አትፍራ። ደብዳቤው ሦስት መስመር ይበቃዋል፦ «የመደርደሪያው ላሜራ ውፍረት ስንት ሚሊሜትር ነው? አንዱ እርከን ስንት ኪሎ እንዲሸከም ይፈለጋል? የቀለሙ ዓይነት ምንድን ነው፣ ውፍረቱስ ስንት ማይክሮን ነው?» (ማይክሮን የሚሊሜትር አንድ ሺኛ ነው።) መልሱ 1.5 ከሆነ ሁላችሁም በ1.5 ትወዳደራላችሁ። 0.8 ከሆነም አንተ በ0.8 ታሰላለህ።

ያው ሞዴል ሕግ ሌላም በር ይከፍታል። ዋጋው ከልክ በታች ወርዶ ሥራው መፈጸሙን የሚያጠራጥር ከሆነ፣ ገዢው ተጫራቹን «ዋጋህን አብራራልኝ» ብሎ በጽሑፍ ይጠይቀዋል፤ ማብራሪያው ካላሳመነው ሊጥለው ይችላል። ይህን ማሳሰብ የሚጠቅመው ግን ውል ሳይፈረም ነው። በአንተ ጉዳይ ዕቃው ገብቷል። አሁን አቤት ብትል «የትኛውን ቁጥር ጣሰ?» ይሉሃል፤ የምታሳየው ቁጥር የለህም። ጉልበትህን ለሚቀጥለው ጨረታ አቆየው። ጨረታን ግን አትተው። 1.5 አስቦ የሚገባ ሰው ከወጣ የሚቀረው የሚሰረጉደው መደርደሪያ ብቻ ነው።

ጥያቄ፦ የሒሳብ ባለሙያ ነኝ። በትምህርት ቤታችን የርክክብ ኮሚቴ ውስጥ መደቡኝ። ስለ ብረት ምንም አላውቅም። አቅራቢው ዕቃውን አውርዶ «ፈርሙልኝ፣ መኪናው እየጠበቀ ነው» ይላል። ላቦራቶሪ የለን፣ መሣሪያ የለን። ምኑን አይቼ ልፈርም?

መልስ፦ እህቴ፣ ሚዛን ካለሽ ግማሹ ላቦራቶሪ አለሽ። መጀመሪያ ውሉ ላይ የተጻፈውን ውፍረት በሚሊሜትር፣ የላሜራውን ስፋት በካሬ ሜትር ይዘሽ ሁለቱን አባዢ፤ ውጤቱን በ7.85 ስታባዢው ኪሎው ይመጣል፤ ሒሳብ እንደሆነ ያንቺ ሙያ ነው። ከዚያ ከመኪናው ላይ ሦስት ዕቃ ራስሽ ምረጪ። አቅራቢው የሚያቀብልሽን አትመዝኚ። የመዘንሽው ካሰላሽው በግልጽ ካነሰ ፊርማው ይቆያል፤ መኪናውም ይጠብቃል።

ካሊፐርን ብቻ እንዳታምኚ ከራሴ ገጠመኝ ልንገርሽ። አንድ ጊዜ የብረት ጠረጴዛ ተረከብን። ውሉ 2 ሚሊሜትር ይላል። ጠርዙን ለካነው፤ 1.9 አነበበ። «ትንሽ ናት» ብለን ፈረምን። ወራት አልፈው ጠረጴዛው መሐሉ ሲሰረጉድ ጠርዙን በሞረድ ፋቅ ፋቅ አደረግሁት። ከፊትም ከኋላም ያለው ቀለም ሲነሳ፣ ከመቁረጫ የቀረው ሹል ጠርዝ ሲወልቅ 1.6 ቀረ። የለካነው ቀለሙንና ሹሉን ነበር። ያን ቀን ሞረድ ይዤ ብሄድ ኖሮ ልጆቹ በተጣመመ ጠረጴዛ ላይ ባልሠሩ ነበር። እስካሁን ይቆጨኛል።

ሌላው፣ ዕቃውን ገልብጪው። ከላይ ሁሉም ያምራል። ከሥር ብየዳው ጥግ ጥጉን ነጥብ ነጥብ ብቻ ተደርጎ ከሆነ፣ ውሉ ደግሞ ሙሉ ብየዳ የሚል ከሆነ፣ አይተሽ ታውቂዋለሽ። ክፍተቱ በስቱኮ ተሞልቶ ቀለም ከተቀባ ትንሽ ማግኔት ውሰጂ። ብረቱ ላይ ጥብቅ ብሎ የያዘው ማግኔት ወፍራም ስቱኮ ላይ ሲደርስ ይላላል ወይም ይወድቃል።

ጣሪያ ወይም ደረጃ የሚሸከም ብረት ከሆነ ግን በሚዛንና በማግኔት አትፈርሚ፤ መሐንዲስ ይምጣ። ውሉ ውስጥም የብረት ፋብሪካው የምርመራ ሰርተፍኬት ይጠየቅ። በአውሮፓ ስታንዳርድ ኢኤን 10204 «ዓይነት 3.1» የሚባለው ነው። ሰርተፍኬቱ ላይ ብረቱ የቀለጠበት ዙር መለያ ቁጥር አለ፤ ቁጥሩ ብረቱ ላይ ካለው ጋር መመሳሰል አለበት። ካልተመሳሰለ ወረቀቱ የሌላ ብረት ነው።

ጥያቄ፦ የጨረታ ሰነድ «የአጥር ፍሬም ከጋልቫናይዝድ ቱቦላሬ» ይላል፤ ዚንክ ከለበሰ ውስጡ ክፍት ብረት ማለት ነው። ጋልቫናይዝድ ቱቦላሬ ገዝቼ ልበይድ ወይስ ተራውን በይጄ የቀለጠ ዚንክ ውስጥ ላስነክር? የዋጋው ልዩነት ሰማይና ምድር ነው።

መልስ፦ ይህን ጥያቄ ለእኔ እንደላክኸው ለገዢውም ላክለት። ቃሉ ሁለቱንም ያቅፋል፤ ዕቃዎቹ ግን አይገናኙም። በላሜራነቱ ዚንክ የተቀባው፣ ዜድ 275 የሚባለው፣ በአንድ ወገን 20 ማይክሮን ገደማ ዚንክ አለው። ስትበይደው መጋጠሚያው ላይ ያለው ዚንክ ይቃጠላል፤ ዝገቱም ከዚያው ይጀምራል። ጭሱ ትኩሳት ስለሚያስይዝ በያጆችህን ክፍት ቦታ አሠራቸው። ተበይዶ የሚነከረው በአይኤስኦ 1461 መሠረት ከ1.5 እስከ 3 ሚሊሜትር ለሚወፍር ብረት በአማካይ ቢያንስ 55 ማይክሮን ይጠበቅበታል። ከ6 ሚሊሜትር በላይ ለሆነ 85 ነው። ዚንኩም ብየዳውን ጭምር ይሸፍነዋል።

ማስነከር ከሆነ መልሱ፣ አንድ ነገር አደራ። ሁለቱ ጫፉ ተበይዶ የተደፈነ ቱቦላሬ ወደ ነካሪ እንዳትልክ። የቀለጠው ዚንክ 450 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ነው። ውስጥ የታፈነ አየርና እርጥበት በዚያ ሙቀት ቱቦላሬውን ያፈነዳዋል፤ የጋለው ዚንክ ገንዳው አጠገብ የቆመውን ሠራተኛ ያገኘዋል። መተንፈሻና ማፍሰሻ ቀዳዳዎቹ የት የት እንደሚሆኑ፣ ስፋታቸውም ስንት እንደሆነ ዋጋ ከማስገባትህ በፊት ከነካሪው ጋር ተነጋገር። ስዕሉ ላይ አስፍራቸውና ስዕሉን ከዋጋህ ጋር አብረህ አስገባ።