ልጅሽን አሜሪካ ከመላክሽ በፊት የልደት ቀኑን እዪ

ሰላም እህቴ። ጥያቄሽን ትናንት ማታ ከሥራ ስወጣ ነው ያነበብኩት። ልጅሽ 15 ዓመቱ ነው፣ ቁመቱ 1 ሜትር ከ98 ደርሷል፣ ዘንድሮ 9ኛ ክፍልን ይጨርሳል። አንድ ሰው «በቅርጫት ኳስ አሜሪካ ሃይስኩል አስገባዋለሁ፣ ከዚያ ኮሌጅ፣ ከዚያ ትልቁ ሊግ ኤንቢኤ» ብሏችኋል። ቅድሚያ 3 ሺህ ዶላር ጠይቋል። 9ኛን አሜሪካ እንደገና ቢጀምር ይጠቅመዋልም ብሏል። «እውነት ነው ወይ? ምን ላድርግ?» ብለሻል። ከስር «እግዚአብሔር ይርዳው» ብሎ ያለፈው ሰው ብዙ ነው። እኔ ይህንኑ መንገድ ከእህቴ ልጅ ጋር ከዳር እስከ ዳር ሄጄበታለሁ። ስለዚህ ረዘም አድርጌ ልጻፍልሽ።

1. ለደላላው ገንዘብ አትክፈዪ። የተማሪ ቪዛ ደላላ አያወጣም። ትምህርት ቤቱ ልጁን ከተቀበለው አይ ትዌንቲ የሚባለውን ወረቀት ራሱ ይልካል። ከዚያ ሴቪስ የሚባለው የተማሪ መመዝገቢያ 350 ዶላር፣ የቪዛ ማመልከቻው 185 ዶላር ነው። ሁለቱንም በራስሽ እጅ ትከፍያለሽ፣ ደረሰኝ ትይዣለሽ። ትምህርት ቤቱ የውጭ ተማሪ የመቀበል ፈቃድ እንዳለው የአሜሪካ መንግሥት ድረ ገጽ ላይ ስሙን ፈልጊ። ከሌለ ነገሩ እዚያው አበቃ። «የመንግሥት ትምህርት ቤት ስለሆነ በነፃ ይማራል» ካለሽም ዋሽቶሻል። ኤፍ ዋን በሚባለው የተማሪ ቪዛ የመንግሥት ሃይስኩል መማር የሚቻለው ቢበዛ 12 ወር ነው፤ ያውም ሙሉ ወጪው ተከፍሎ። የእኛው ሰውዬ 2 ሺህ 500 ዶላር ተቀብሎ፣ ልጁ በገባ በሁለተኛው ወር ስልክ ማንሳት አቆመ። አሁን ላይ ግን የሚያንገበግበኝ ገንዘቡ አይደለም። ቀጥሎ ያለው ነው።

2. የልደት ቀኑን ዛሬውኑ እዪ። ሰርተፍኬቱን፣ የክትባት ካርዱን፣ የትምህርት ቤት መዝገቡን፣ ፓስፖርት ካለው ፓስፖርቱን ጠረጴዛ ላይ ጎን ለጎን አስቀምጪ። አራቱም አንድ ቀን መናገር አለባቸው። በኢትዮጵያም በፈረንጅም።

የእህቴ ልጅ የተወለደው በ1998 ዓ.ም. የቃና ዘገሊላ ለት ነው፤ ጥር 12። የሚካኤል ታቦት ወደ መንበሩ ሲመለስ እልልታው በመስኮት እየተሰማት ነው እህቴ የተገላገለችው። ዘመድ አዝማድ ሁሉ ያውቀዋል። በፈረንጅ ጃንዋሪ 20፣ 2006 ማለት ነው። የክትባት ካርዱ ላይ ነርሷ በወይን ጠጅ እስክርቢቶ «12/5/98» ብላ ጽፋለች። እስከ ዛሬ ፎቶው ስልኬ ውስጥ አለ።

በ2014 ዓ.ም. አባቱ ለፓስፖርት ብሎ ወረዳ ሄደ፣ የልደት ሰርተፍኬት ሊያወጣ። ወሳኝ ኩነት የተቀመጠው ልጅ ፎርሙን ሲሞላ 1998 ላይ 7 ደመረ። «2005» ብሎ ጻፈ። 7 የሚደመረው ከመስከረም ጀምሮ የፈረንጆቹ አዲስ ዓመት እስኪገባ ድረስ ነው። ከገባ በኋላ 8 ነው። ጥር 8 ነው። አባቱ አስተዋለ። «ልጄ፣ ይሄ 2006 መሆን የለበትም?» አለው። ሠራተኛው ቀና ብሎ እንኳ አላየውም። «አባባ፣ ሥራዬን አያስተምሩኝ። ካልፈለጉ ይተዉት። ቀጣይ!» አለ። ከኋላ ወረፋው እስከ ግቢው በር ነው። የፓስፖርቱ ቀጠሮ ከሁለት ቀን በኋላ ነው። አባቱ ተቀብሎ ወጣ። ማታ በቴሌግራም ፎቶውን ላከልኝ። እኔም የስሙን አጻጻፍ ብቻ አየሁ፣ «ጥሩ ነው» አልኩ። ያቺን «ጥሩ ነው» ያልኩባትን ማታ ብመልሳት ደስ ይለኝ ነበር።

ፓስፖርቱ በ2005 ወጣ። ቪዛውም በ2005 ተመታ። ልጁ በ2022 ክረምት ላይ መጣ። ያኔ ቁመቱ 2 ሜትር ከ3 ነበር። እኔ ዋሽንግተን አካባቢ ነው የምኖረው፣ ትምህርት ቤቱ ደግሞ ከእኔ የአራት ሰዓት መንገድ ነው። 10ኛን አዲስ አበባ ጨርሶ ስለመጣ 11ኛ መግባት ነበረበት። ደላላውና አሠልጣኙ ተስማምተው 10ኛን አስደገሙት። «አንድ ዓመት ይጨምራል፣ ይፈረጥማል፣ ኮሌጆች በደንብ ያዩታል» አሉን። ያንቺው ሰውዬ 9ኛን ይድገም ያለሽ ለዚሁ ነው። እኛም አመንን። አሜሪካኖቹ ልጆችም እንደዚያ ያደርጋሉ አሉና።

ሁለቱ ስህተቶች እንዴት እንደተገናኙ ተመልከቺ። በዚያ ስቴት ደንብ፣ ትምህርት ሳይጀመር ከሴፕቴምበር 1 በፊት 19 ዓመት የሞላው ልጅ በዚያ ዓመት ለትምህርት ቤቱ መጫወት አይችልም። 10ኛን ስለደገመ 12ኛ የደረሰው በ2024 መጸው ነው። በእውነተኛ ልደቱ 19 የሚሞላው ጃንዋሪ 2025 ነው፤ ይጫወታል። በፓስፖርቱ ግን ጃንዋሪ 2024 ላይ ሞልቶታል። አይጫወትም። ለኮሌጅ አሠልጣኞች ዋናው መታያ ዓመቱ፣ 12ኛው፣ በአንድ ቁጥር ሄደ።

ኦገስት ላይ ትምህርት ቤቱ ጠራኝ። ከሥራ አስፈቅጄ ሄድኩ። የስፖርት ኃላፊው ጠረጴዛ ላይ ልደታቸው የማይገጥም ሁለት ወረቀት ጎን ለጎን ተቀምጧል። አንዱ የአዲስ አበባው ትራንስክሪፕት፣ አንዱ የፓስፖርቱ ቅጂ። «የትኛው ነው ውሸቱ?» ብሎ ጠየቀኝ። የትኛው ነው ትክክሉ አላለም። ከአፍሪካ በመጣ ልጅ ላይ የዕድሜ ጥርጣሬ ድሮም አለ። አንድ ጊዜ በወረቀት ከተደገፈ ደግሞ ማን ያጠራዋል? ስለ ዘመን አቆጣጠራችን አስረዳሁት። 13 ወር እንዳለን፣ ዓመታችን ሰባትና ስምንት ዓመት እንደሚለይ ነገርኩት። ትከሻውን ነቀነቀ። «እኔ ፓስፖርቱን ነው የማየው» አለ። ልጁ አጠገቤ ነበር። መኪና ውስጥ ገብተን ስንሄድ «አጎቴ፣ እኔ ዋሽቻለሁ እንዴ?» አለኝ። ምን ብዬ ልመልስለት?

አባቱ አዲስ አበባ ላይ ሊያስተካክል ሮጠ። ወረዳው «ከወጣ ቆይቷል፣ የፍርድ ቤት ውሳኔ አምጣ» አለው። የተሳሳቱት እነሱ ናቸው፤ ማስረጃ አምጣ የሚባለው ግን እሱ ነው። ፍርድ ቤት ደግሞ ክረምት ዝግ ነው። እስኪከፈት ተጠበቀ፣ ምስክር ተቆጠረ፣ ቀጠሮ በቀጠሮ ሆነ። ውሳኔው እጃችን ሲገባ እዚህ የውድድሩ ዓመት እያለቀ ነበር። ልጁ ያን ዓመት ሙሉ ኮትና ክራባት ለብሶ አግዳሚው ጫፍ ላይ ተቀመጠ። ውሃ ያቀብላል፣ ፎጣ ያጥፋል፣ ጓደኞቹ ሲያገቡ ተነስቶ ያጨበጭባል። ያንን ሳይ የሆነኝን አልነግርሽም።

ስለ መድገሙ ደግሞ ስሚኝ። ይሄንን ማንም አልነገረኝም። ሌሊት ከሆቴል ሥራዬ እየገባሁ ራሴ አንብቤ ነው የደረስኩበት፤ ያገኘሁት ግን ካለፈ በኋላ ነው። የኮሌጅ ስፖርትን የሚያስተዳድረው ኤንሲኤኤ፣ በአንደኛው ዲቪዥን ለመጫወት 16 ዋና ዋና ትምህርቶችን ይጠይቃል። ከነዚህ ውስጥ የ4 ዓመት እንግሊዝኛ አለ። እነዚህን ለመጨረስ የሚሰጠው ሰዓት የሚቆጥረው ልጁ 9ኛ ክፍል ከገባበት ቀን ጀምሮ 4 ዓመት ነው፤ የትም አገር ይግባ። ብትደግሚ ሰዓቱ እንደ አዲስ አይጀምርም። የእኛ ልጅ 9ኛን የጀመረው በ2013 ዓ.ም. ነው። ስለዚህ 4 ዓመቱ በ2024 ሰኔ ላይ አለቀ። 10ኛን ሁለቴ ቢማርም አንዴ ብቻ ተቆጠረለት። 12ኛ ላይ የተማረው እንግሊዝኛ ጥሩ ውጤት ነበረው፤ ግን አልተቆጠረም። የሦስት ዓመት እንግሊዝኛ ይዞ ቀረ። ጠርተውት የነበሩ ሁለት ዩኒቨርሲቲዎች ዝም አሉ።

ልጅሽ ዘንድሮ 9ኛን ይጨርሳል አልሽ። እንግዲያው ሰዓቱ መቁጠር ጀምሯል። ከመጣ 10ኛ ይግባ። ሰውዬው «ይድገም» ሲል የሚያስበው ለትምህርት ቤቱ ቡድን ነው። እንደጨረሰ የ9ኛ ክፍል ውጤቱን ወዲያው በማኅተም አስወጪ። ትምህርት ቤቱ ሳይቀይር፣ ሳይዘጋ፣ ርዕሰ መምህሩ ሳይዛወር። እኛ የ9ኛውን ለማግኘት ሁለት ወር ፈጅቶብናል።

የእኛ ልጅ አሁን ካንሳስ ውስጥ የሁለት ዓመት ኮሌጅ ውስጥ ነው፣ በሙሉ ስኮላርሺፕ። ቁመቱ 2 ሜትር ከ6 ሆኗል። ባለፈው ሳምንት 11 ሪባውንድ፣ ማለት ሳይገባ የተመለሰ ኳስ፣ ወስዷል፤ ጨዋታውን በስልኬ እያየሁ ሎቢው ውስጥ ጮህኩ። ከዚያ ወደ አራት ዓመት ዩኒቨርሲቲ ይሸጋገራል ብዬ አምናለሁ። ከብዙዎቹ የተሻለ እጅ አለው። ይህን የምለው አጎቱ ስለሆንኩ አይደለም፤ አሠልጣኙም ብሎታል።

ወደ ኤንቢኤ ልምጣ። ሕልሙ የማይሆን ነው የሚልሽን አትስሚ። ከ2019 እስከ 2025 የዓመቱን ምርጥ ተጫዋች ሽልማት የወሰዱት ሁሉም ከአሜሪካ ውጭ የተወለዱ ናቸው። ያኒስ ከግሪክ፣ ዮኪች ከሰርቢያ፣ ኤምቢድ ከካሜሩን፣ ጊልጀስ አሌክሳንደር ከካናዳ። ሊጉ ውስጥ ከ120 በላይ የውጭ ተጫዋች አለ። ዮኪች ቡድኖች አዲስ ተጫዋች በየተራ በሚመርጡበት በ2014 ድራፍት 41ኛ ነው የተመረጠው። ሐኪም ኦላጁዎን ሌጎስ ውስጥ የእጅ ኳስ ሲጫወት ቆይቶ 15 ዓመት ከሞላው በኋላ ነው ቅርጫት ኳስ የጀመረው፤ በ1984 አንደኛ ሆኖ ተመረጠ። ኤምቢድም ያውንዴ ውስጥ የጀመረው በ15 ዓመቱ ነው። ስለዚህ ልጅሽ አልዘገየም። ግን ቦታው ጠባብ መሆኑንም እወቂ። 30 ቡድን ነው፣ በድራፍት የሚመረጠው በዓመት 60 ገደማ ልጅ ነው፣ ከመላው ዓለም።

እዚያም ቢሆን የልደት ዓመት ይከተልሻል። ውጭ አገር ያደገ ተጫዋች 22 ዓመት በሚሞላበት ዓመት ሳይጠይቅ ራሱ ወደ ድራፍቱ ይገባል። ቀደም ብሎ ለመግባት ቢያንስ በዚያው ዓመት 19 መሙላት አለበት። አሜሪካ ውስጥ ሃይስኩል የጨረሰ ግን እንደ ውጭ ተጫዋች አይቆጠርም፤ የሚሄደው በአሜሪካኖቹ ሕግ ነው። ምርጫሽ ይሄንንም ይለውጣል።

ከደላላ ውጭ ሌላ መንገድ የለም ያለሽ ካለ ደግሞ ካማን ማሉዋችን ንገሪው። የደቡብ ሱዳን ልጅ ነው፣ ያደገው ኡጋንዳ። በ2006 ነው የተወለደው፣ የእኛ ልጅ እኩያ ነው። ሴኔጋል ሳሊ ከተማ ያለው የኤንቢኤ አካዳሚ ገባ፣ በአፍሪካ ቅርጫት ኳስ ሊግ ተጫወተ፣ በ17 ዓመቱ ለደቡብ ሱዳን ፓሪስ ኦሎምፒክ ላይ ተሰለፈ። ከዚያ ዱክ ዩኒቨርሲቲ አንድ ዓመት፣ ከዚያ በ2025 ድራፍት 10ኛ። ካሜሩናዊው ኡልሪክ ቾምቼ ደግሞ ኮሌጅ ሳይረግጥ ከዚያው አካዳሚ በ2024 57ኛ ሆኖ ተመረጠ። የኤንቢኤው ፓስካል ሲያካም በ2012 የተገኘው ድንበር የለሽ ቅርጫት ኳስ በሚባለው ካምፕ ነው፤ እዚያ የሚገባው ተጋብዞ ነው። ልጅሽን የሚያዩት ግን ሲጫወት ነው። ክለብ ይግባ፣ ለብሔራዊ ታዳጊ ቡድን ይሞክር፣ ሙሉ ጨዋታ በቪዲዮ ይቀረጽ። ዳንክ ብቻ የተቆራረጠበት ቪዲዮ አሠልጣኝ አያይም። ሙሉውን ነው የሚፈልጉት፣ ተሳስቶ እንዴት እንደሚመለስ ጭምር።

አንድ ነገር ደግሞ ቤት ውስጥ ተነጋገሩ። በተማሪ ቪዛ ያለ ልጅ እንደ አሜሪካኖቹ የማስታወቂያ ገንዘብ መቀበል ቪዛውን አደጋ ላይ ይጥልበታል። የኮሌጅ ልጆች ሚሊዮን ሲያገኙ በቲክቶክ አይታችሁ «ገና ኮሌጅ ሲገባ ይልክልናል» እንዳትሉት። የእኛ ልጅ ላይ አንድ ዘመድ ይህን ብሎበት ሳምንት ሙሉ እንቅልፍ አጥቷል።

አሁን ከዚህ ተነስተሽ የክትባት ካርዱን ፈልጊ። ቁም ሳጥን ውስጥ ወይ አልበም ውስጥ ይኖራል። ከሰርተፍኬቱ ጋር ፎቶ አንሺና በውስጥ ላኪልኝ፣ ቀኑን አብረን እናሰላዋለን። ስህተት ካለው ፍርድ ቤት ክረምቱን ሳይዘጋ ገና ጊዜ አለሽ። ቅዳሜ ከሰዓት በእናንተ አቆጣጠር ከ12 ሰዓት በኋላ ስልክ አነሳለሁ። ልጅሽንም ላናግረው እፈልጋለሁ።